ቅቤ የተቀባው ጂፕ

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር እጄ ሳላዝዘው ወደ ሆዴ ቀኝ ጎን ይሄዳል። እዚያ ጣት የምታህል ጠባሳ አለች። ባለፈው ፍልሰታ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ የተሳፈርሁባት ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ድንገት ጸጥ ብላ ቆመች፤ ከወንበሩ ሥርም ያው ሽታ ወጣ። ወጣቱ ሾፌር ወርዶ ወደ ኋላ ሲዞር እጄ ጠባሳዬ ላይ ነበረች።

«አባቴ፣ አይደንግጡ። ሽቦ ተነካክቶ ነው፤ አሁን አገኘዋለሁ» አለኝ።

«አልደነገጥሁም ልጄ። እኔን ያተረፈኝ ሽታ ነው» አልሁት።

ሳቀ፤ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎታል። እኔ ግን እርሱ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲመዝ፣ ከመንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴን፣ የኔታንና የጂፑን ሾፌር ጋሽ ተሰማን አንድ በአንድ በልቡናዬ ፊት አቆምኋቸው። ሦስቱም ዛሬ በአጸደ ነፍስ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መንደራችን ከማንኩሳ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጉብታ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ወንዙ ያኔ ድልድይ አልነበረውም። በበጋ ሕፃን በእግሩ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሰማዩ እኛ ዘንድ ጠርቶ ሳለ ቋሪት ደጋው ላይ ከጠቆረ፣ ከቀትር በኋላ ውኃው ግንድ እየነዳ ይወርድና እስከ ማግሥቱ ሰውንም ከብትንም ይከለክላል። ስለዚህ በእኛ መንደር ጠዋት የተነሣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ በፊት ወደ ቋሪት ይመለከታል።

አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስላረፈ፣ እናቴ በሬዎቿን ለአራሽ እየሰጠች፣ የእርሻውን ዕቃ ግን በራሷ እጅ እየጠበቀች አሳደገችኝ። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን የቆዳ ማሰሪያ፣ ምራኑን፣ ከእርሷ በላይ የሚያውቀው ወንድ አልነበረም። ቆዳው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ ቅቤ ታጠጣዋለች፤ በጣቶቿ እያሸች፣ እየጠመዘዘች፣ እንደ ሕፃን ክንድ እስኪለሰልስ ድረስ። «የደረቀ ነገር ሁሉ የሚበጠሰው የሚያስብለት አጥቶ ነው» ትል ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከየኔታ እግር ሥር ንባብ የምቆጥር ልጅ ነበርሁና፣ የየኔታን ትምህርት ከእናቴ ትምህርት ለይቼ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። ሁለቱም በጣት እየተነካ የሚማሩት ነገር ነበር፤ ያኛው በፊደል፣ ይኸኛው በቆዳ።

በዚያ ዓመት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መግቢያ፣ ቤት ለቤት የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች በጂፕ መጡ። ጉብታውን ሲወጣ ድምፁ ከየጓሮው ሰውን ሁሉ አስወጣ። ጭቃው እስከ መስኮቱ ደርሶ፣ አፍንጫው እየጨሰ፣ እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተ ደጃችን ላይ ቆመ። ግቢያችን ሜዳ ስለ ነበረ ማደሪያው በእኛ ጎተራ አጠገብ፣ በሣር ዳሱ ሥር ሆነ። ረጪዎቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ቆላው መንደሮች በእግር ወረዱ፤ ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ ከመኪናው ጋር ቀረ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር።

እኛ ልጆች ከትምህርት እንደ ተለቀቅን ሮጠን ጂፑን እንከባለን። የቤንዚኑ ሽታ፣ ፀሐይ የመታው የወንበሩ ቆዳ፣ በጎማው ጥርስ መካከል የደረቀው የሌላ አገር አፈር። ከእኛ አንዱ ያንን አፈር ቆርሶ ቀምሶት «ጨው ጨው ይላል» ብሎ ምሏል። ጋሽ ተሰማ አይቈጣንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ይተወውና «እስቲ ይተንፍስ» ይላል። ይህን ቃል እናቴ ሰማች።

በጾሙ አጋማሽ ሆዴን ያዘኝ። መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ነበር፤ ሲነጋ ወደ ቀኝ ጎኔ ወርዶ እንደ ጦር ተተከለ። እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። እናቴ ጤና አዳም አሸታ አጠጣችኝ፤ ከጸበሉም አመጣች። የኔታ ተጠርተው መጡ፤ ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን ሆዴ ላይ ሲያሳርፉ ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ያን ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን ተመለከቱና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ብርቄ፣ ልጁ ጸበሉን ጠጥቷል፤ መስቀሉንም ተሳልሟል። አሁን ደግሞ እግዚአብሔር ደጅሽ ላይ ያቆመውን ጂፕ አስነሺ።»

ጋሽ ተሰማ ሁለተኛ አልተጠየቀም። በስተኋላ ጭድ ጎዝጉዞ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ራሱ ተሸክሞ አስገባኝ። ሰዉ ወደ ቋሪት ተመለከተ። ደጋው መጥቆር ጀምሯል። ቀትር ሳይሆን ወንዙን ካልተሻገርን፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም ዘንድ መድረስ ለነገ ያድራል። የኔታ በዓይናቸው እንዳስታወቁት ለነገ የማድር ልጅ አልነበርሁም።

ቁልፉን አዞረ። ጠጥ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማችና ከመሪው ሥር ነጭ ጢስ ወጣ፤ ሽታው መጣ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ሌላ ለወጠ፤ ያም ተቃጠለ። ጋሽ ተሰማ ያችንም ነቅሎ ጣለና፣ «ከዚህ በኋላ አንዲት ናት ያለችኝ» አለ፤ ለራሱ ይሁን ለእኛ እንጃ።

ጎረቤታችን አያ ደሴ ከሰው ፊት ሳይቀልድ መቆም የማይችል ሰው ነበር። የሰው ልብ ሲጨነቅ ደግሞ ይብስበታል። «ጋሽ ተሰማ፣ በሬም ሲለግም ጅራቱን ይነክሱታል። የዚህ ጅራቱ በየት በኩል ነው?» አለ።

«አያ ደሴ፣ ጅራቱን ባገኘው ኖሮ መጀመሪያ የማስነክሰው እርስዎን ነበር» አለው ጋሽ ተሰማ፣ ቀና ሳይል።

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ከዳሱ ጥግ ጎልማሶች ቃሬዛ ማሰር ጀምረው ነበርና። በመንደራችን ቃሬዛ ሄዶ ሕያው ሰው ይዞ የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታው እኔ ራስጌ ተቀመጠች። አንዱ ጎልማሳ ግን ሌላ ዘዴ ጠየቀ፤ መኪና ሲበላሽ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ አገናኝተው ሲያስነሡ ቡሬ ገበያ ላይ አይቷል።

«እችላለሁ» አለ ጋሽ ተሰማ። «ራቁቱን የቀረው ሽቦ ግን የት እንዳለ አላውቅም። ቤንዚኑ አጠገብ ብልጭ ቢልስ? ስውር እሳት ይዤ ልጅ አልጭንም።»

ከዚያ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት ትንሽ አምፑል አወጣና በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ አሰራት። ወዲያው ቦግ ብላ በራች። «ይህች አምፑል እስከ በራች ድረስ ሽቦው ከብረቱ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። እኔ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። የጠፋች ጊዜ በሽታውን አገኘነው» አለ። እኔ ከተኛሁበት በወንበሮቹ መካከል አየኋት፤ የማሽላ ፍሬ የምታህል ብርሃን። በቤተ ክርስቲያን አድጌ መብራት እንዳይጠፋ ስጠብቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ብቻ እንዲጠፋልኝ ጸለይሁ።

የፊቱን መብራት ሽቦ ነቀለ፤ አምፑሏ በራች። የክላክሱን ነቀለ፤ በራች። የኋላውን መብራት ነቀለ፤ እንዳለች ናት። በነቀለ ቁጥር ወደ እርሷ ያያል፤ ሰዉም አብሮት ያያል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቋሪት ያያል። የኔታ በተማሪ ስሕተት ላይ እንዲህ ነበሩ፤ ንባቡ የተበላሸበትን ልጅ አይመቱትም፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሩትና ምላሱ የምትደናቀፍበትን ቃል ቆመው ይጠብቃሉ። አሁንም ከጂፑ አጠገብ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ያንኑ ዓይነት መጠበቅ ይጠብቁ ነበር።

ድንገት አምፑሏ ጠፋች። ከሴቶቹ አንዷ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች፤ መብራት ሲጠፋ ሌላ ነገር መስሏት ነው። «ኧረ እልል በይ፣ ተገኘ!» አላት አያ ደሴ።

አልተገኘም ነበር፤ ሰፈሩ ታወቀ እንጂ። ያች ሽቦ ከሌሎች ጋር በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከሞተሩ ጀርባ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ትገባለች። ቁስሉ ከብረቱ በስተኋላ፣ ዓይን ከማይደርስበት ነው። ጋሽ ተሰማ እጁን ሊያስገባ ሞከረ፤ ጣቶቹ ብቻ ገብተው መዳፉ ተያዘ። መልሶ አወጣና ጣቶቹን አየ። አሸተታቸው። ፊቱ ተለወጠ።

«ቅቤ ነው» አለ።

«በፍልሰታ?» አለ አያ ደሴ። «እንግዲህ ጂፑ ጾም ገድፏል!»

ጋሽ ተሰማ አልሳቀም። ከቀዳዳው ዳር የአይጥ ኩስ ጠረገ፤ የተቦጨቀ ጨርቅም መዘዘ። «ከጎተራው የመጣ አይጥ ነው። ቅቤውን ብሎ ጨርቁንም የሽቦውንም ልብስ በልቶታል» አለና ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «ማን ነው የቀባው?»

ከራስጌዬ የእናቴ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን፣ የማላውቀው ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

ከጂፑ ወርዳ ፊቱ ቆመች። «ኮፈኑን ከፍተው ሲሄዱ አየሁት። ጅማቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምራን እንዲያ ሲሆን ቅቤ ካልጠጣ ይበጠሳል። በጾም የማይበላ ቅቤ ቤቴ ተቀምጧል። ለሰው መድኃኒት ይዞ ያን ሁሉ አቀበት የወጣ ነው፣ ይለስልስለት ብዬ ከሥሩ እስከ ጫፉ አሸሁት። ለውለታው ነበር ጋሽ ተሰማ። ልጄን በገዛ እጄ ገደልሁት።» እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ታያቸው ነበር።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ጥቂትም ሰብኬአለሁ። ጋሽ ተሰማ ያን ጊዜ የተናገረውን ያህል ግን በልቤ የቀረ የለም። እጁን በጨርቅ ጠረገና እንዲህ አላት፦ «እናቴ፣ ይህን ጂፕ ያዘዘው ሰው ብዙ ነው። ያዘነለት ሰው ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም። በሉ አያልቅሱ፤ እጅዎ ያስፈልገኛል። ሲቀቡት በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ነበር?»

«እስከ ክርኔ» አለች።

«እንግዲያ መንገዱን ያውቀዋል።»

የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ አራቀውና እናቴን ወደ ሞተሩ አቀረባት። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰደደች። እኔ አንገቴን አቅንቼ የማየው ጎንበስ ያለ ትከሻዋን ነበር፤ ምራን ስትዳብስ እንደምታደርገው ዓይኖቿን ከድናለች። ከሩቅ ከወደ ቋሪት ነጎድጓድ አጉረመረመ።

«ይኸ ደኅና ነው» ትላለች። «ይኸም ደኅና ነው... ይኸ ልብሱ ሳስቷል... ቆይ። ቆይ። እዚህ ላይ ተልጧል። እንደ እሾህ ይወጋል። ከብረቱ ጠርዝ ላይ ተኝቷል።»

«አይልቀቁት!» አለ ጋሽ ተሰማ። ጥቅሉን ከወዲህ በኩል አላልቶ ገፋላት፤ እርሷ እየሳበች በጣቶቿ መካከል ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው። የአይጥ ጥርስ ያረፈበት የመዳብ ሽቦ ቀይ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር።

አሁን መሸፈን ቀረ። የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ ተፈልጎ ከጥቅሉ የቀረው ጣት የማይዞር ቁራጭ ሆነ፤ የተበላው ግን ረጅም ነው። ጋሽ ተሰማ ዙሪያውን ሲመለከት የኔታ እጃቸውን ወደ ካባቸው ከተቱና ለማታው ጸሎት የያዙትን የጧፍ እስር አወጡ።

«ሰም ይሆንሃል?»

«ከናስትሮም ይሻላል፣ የኔታ።»

ከዚህ ላይ አያ ደሴ እንኳ ቀልዱን ተወ። «የኔታ፣ ለእመቤታችን የተሰጠ ጧፍ ለመኪና ይሆናል?»

«ለመኪና ማን ሰጠ?» አሉ የኔታ። «ንጉሥ ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተለየውን ኅብስት በልቷል። እመቤታችንም በጾሟ ወራት ለአንዲት እናት ጧፍ አትነፍግም። ይልቅ እጅህን ዘርጋና አሟሟቅ፤ አፍህ ሲሞቅ ነው የዋለው።»

አያ ደሴ ጧፉን ተቀብሎ በሰፋፊ መዳፎቹ መካከል እስኪለሰልስ አሸው። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ቀጫጭን ጥብጣብ አድርጋ ቀደደች። ጨርቁ ሰሙን ጠጣ፤ ጋሽ ተሰማ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻው ጠቀለለ፤ በላዩም ሰም ደረበበት፤ ከብረቱ ጠርዝ አርቆም አሰረው። የማር ሽታ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የቅቤ ሽታ ባንድነት ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ሕመሙ እንደዚያ በርትቶብኝ ሳለ የመጨረሻዋን ፊውዝ ሲያስገባ ማማተቡን አልረሳሁም። ቁልፉን አዞረ።

ጢስ አልወጣም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎልማሶቹ ቃሬዛውን ፈቱት። የኔታ ከእናቴ ጋር ገቡና አጠገቤ ጭዱ ላይ ተቀመጡ፤ ራሴን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ ነበር። ጋሽ ተሰማ አልቆመም። ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ ጭዱን አረጠበው፤ ጂፑ ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳገደ፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ወጣ። ጥቂት እንደ ሄድን ከኋላችን እንደ ብዙ ፈረስ ግልቢያ ያለ ድምፅ ሰማን። የኔታ ዘወር ብለው አዩና «ሙላቱ መጣ» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው አለ። ለነገ ቢያድር ኖሮ ያበቃልኝ እንደ ነበር ለየኔታ በር ላይ ነግሯቸዋል፤ እኔ የሰማሁት አድጌ ነው። ከሰመመን ስነቃ እናቴ ነበረች፤ ጋሽ ተሰማ ግን የለም። ሽቦ ለመግዛት ወደ ቡሬ አልፏል። ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ በእኛ አገር ዳግመኛ አልታየም።

እናቴን ዕድሜዋን ሁሉ የቆጫት አንድ ነገር ነው። የክርስትና ስሙን አልጠየቀችውም። በእኛ ሥርዓት ሰው በጸሎት የሚጠራው በጥምቀት ባገኘው ስም ነውና፣ በየቅዳሴው ልታስበው ስትፈልግ የምትሰጠው ስም አጣች። ለየኔታ ብትነግራቸው፣ «ስሙን ባለቤቱ ያውቀዋል፤ አንቺ ሥራውን ጥሪ» አሏት። እናቴም እስክታርፍ ድረስ ማታ ማታ ሟቹንም ሕያዉንም በስም በስሙ ቆጥራ ስትጨርስ፣ «ደግሞ ያን ለእጄ ያዘነለትን ሰው» ትል ነበር። እኔም ከእርሷ ወረስሁት፤ ምራኗን ባልወርስ።

ዛሬ ያ ወንዝ ድልድይ አለው። ሕፃናት ድልድዩ ላይ ቆመው ሙላቱን እያዩ ይስቃሉ፤ ያስፈራን የነበረው ውኃ ለእነርሱ ጨዋታ ሆኗል፤ እሰየው። የታመመም በስልክ ተጠርቶለት በአምቡላንስ ይሄዳል። የሽቦው ልብስም ፕላስቲክ ነው፤ ቅቤ የሚቀባው የለም። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ባለፈው ዘመን ናፍቆት የዛሬን ጸጋ የምክድ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንዲት ሴት የማታውቀውን ብረት አይታ፣ ደክሞታል ብላ ያላትን ያፈሰሰችበት፣ ስሕተቷም በወቀሳ ፈንታ በአክብሮት የተመለሰላት ዘመን ውስጥ መወለዴን ሳስብ፣ ተርፌ ብቻ ሳይሆን ተባርኬ እንዳደግሁ ይገባኛል።

«አገኘሁት!» አለ የባጃጁ ልጅ። ሽቦው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ተልጦ ነበር። ከኪሱ ናስትሮ አውጥቶ ጠቀለለው፤ ባጃጇ ተነሣች፤ ማንኩሳም ገባን። ስወርድ ክንዴን ደገፈኝ።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው ልጄ?» አልሁት።

ግር አለው። «ለምን ፈለጉት አባቴ?»

«አንድ ሳልጠይቀው ያመለጠኝ ሾፌር አለ።»

ነገሩ ባይገባውም ባርኔጣውን አውልቆ ነገረኝ። ወልደ ሚካኤል ነው። በዚያ ማታ፣ በፍልሰታው ጸሎት፣ ጧፌን አብርቼ ስሙን ጠራሁ፤ ከስሙም አስከትዬ፣ እንደ እናቴ ወግ፣ ያን ለእጇ ያዘነለትን ሰው አሰብሁ። ሰሙ በጣቶቼ ላይ እየቀለጠ ይወርድ ነበር፤ አልጠረግሁትም።